ስለ ጎንደር ግድግዳ የውኃ ቀለምና ስለ ጽናት የተሰጠ ፍርድ

ስለ ጎንደር የተጻፈው ብዙ ነው። የነገሥታቱ ዜና፣ የግንቦቹ ቁመት፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕልና የሊቃውንቱ ወንበር በየቋንቋው ተተርኳል። ነገር ግን ከሥዕሉ በታች ስላለው ነገር፣ ይኸውም ግድግዳውን ስለሚያለብሰው ልስንና በውኃ ተበጥብጦ ስለሚቀባው ቀለም፣ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ጸሐፊው ዐይኑን በመልአኩ ፊት ላይ ያሳርፋል እንጂ የመልአኩ ፊት በምን ላይ እንደ ተሣለ አይጠይቅም። ይህም ዝምታ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ደካማ፣ ጊዜያዊና የድኻ ሥራ ነው፤ በዘይት የተለወሰ ቀለምና በሲሚንቶ የተለሰነ ግንብ ግን ጽኑና የሠለጠነ ነው ከሚል ፍርድ የመነጨ ነው። የዚህ ሐተታ ዓላማ ይህን ፍርድ መመርመር ነው። ፍርዱ በጎንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ ሲመዘን በሦስት ነገር ይጎድላል፤ የቀለሙን ባሕርይ ለይቶ አያውቅም፤ ቀለሙ የተቀባበትን ቦታ አይመለከትም፤ ከሁሉም በላይ ቀለሙን የሚጠብቀውንና የሚያድሰውን ሰው አይቈጥርም።

በመጀመሪያ «የውኃ ቀለም» የሚለው ስም አንድ ነገር ብቻ እንዳይመስል መለየት ያስፈልጋል። በዚህ ስም ሦስት ዐይነት ቅብ ይጠቃለላል። አንደኛው የአፈር ቅብ ነው። ነጭ ወይም ቀይ ወይም አመድማ አፈር ተወቅጦና ተነፍቶ በውኃ ይበጠበጣል፤ የሚያያይዘውም የራሱ የሸክላነት ባሕርይ ነው። ውኃው ሲተን ደቃቁ አፈር እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ዳግመኛ ቢርስ ግን ይለቃል። ሁለተኛው የኖራ ቅብ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚደርስ እሳት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይወጣል። የቀረው ውኃ ሲጨመርበት ይፈላል፣ ይፈርሳል፣ እንደ እርጎም ይሆናል። በግድግዳ ላይ ከተቀባ በኋላ ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ስለዚህ ኖራ በውኃ ቢቀባም፣ አንድ ጊዜ ከጠነከረ ውኃ በቀላሉ አያለቅቀውም። ሦስተኛው የሙጫ ቅብ ነው። በዚህ ሥራ ነጩ የጀሶ ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ልዩ ልዩው ቀለም ከቆዳ ተቀቅሎ በሚወጣ ወይም ከዛፍ በሚለቀም ሙጫ ይያያዛል። ይህ ከደረቀ በኋላም ውኃን ይፈራል። እንግዲህ በውኃ የተሠራ ሁሉ በውኃ ይጠፋል የሚለው አነጋገር ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው እንጂ ለሁለተኛው አይሠራም። በባሕርያቸው የተለያዩትን ሦስቱን በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ቃል መንቀፍ የፍርዱ የመጀመሪያ ስሕተት ነው።

የአፈሩ ቅብ በይበልጥ የሚታየው በገበሬው ቤት ነው። በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ እንዲሁም በደምቢያ ሜዳ፣ እንደ አገሩ ሁኔታ የቤቱ ግድግዳ ከእንጨትና ከማገር ወይም ከድንጋይ ይቆማል። ለምርጊት የሚሆነው ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ለጥቂት ቀን እንዲቦካ ይተዋል። ጭዱ እንደ ጅማት ሆኖ ጭቃውን ስለሚይዘው ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። ከምርጊቱ በኋላ ደቃቅ ልስን ይከተላል። ከዚያም እበት ከአፈር ወይም ከአመድ ጋር ተለውሶ በመዳፍ ይለቀለቃል። በመጨረሻም አቅምና አፈር እንደ ተገኘ ነጩ ወይም ቀዩ ይቀባል። በእበቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ የሣር ጭረት ትንንሹን ስንጥቅ ይደፍናል፤ አቧራውንም ይይዛል። እንደ ልማዱ ጭቃ ረግጦ መምረግ በአብዛኛው የወንዶች፣ መለቅለቅና መቀባት ግን የሴቶች ሥራ ነው።

የሥራው ወራት በዝናቡ ይወሰናል። ክረምቱ ግድግዳውን ካረጠበውና ካጎደፈው በኋላ፣ ለዘመን መለወጫና ለመስቀል ቤቱ ይለቀለቃል፤ ዳግመኛም ለገና፣ ለፋሲካ ወይም ለሠርግ ይታደሳል። ይህን የተመለከተ እንግዳ፣ በየዓመቱ መታደስ የሚያስፈልገው ቀለም ምን ጥቅም አለው ይል ይሆናል። ነገር ግን ጥያቄው ተገልብጦ መነሣት ይገባዋል። የቤቱ እመቤት በየዓመቱ ግድግዳውን ሁሉ በመዳፏ ስትዳስስ፣ ውኃ ከየት እንደ ገባ፣ ምስጥ የትኛውን ቋሚ እንደ ጀመረ፣ ምርጊቱ በየት በኩል ከማገሩ እንደ ተላቀቀ ታውቃለች። ቅቡ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የቤቱ ዓመታዊ ምርመራ ነው። ቀለሙ ስለሚለቅ ይታደሳል፤ ስለሚታደስም ቤቱ ይጠበቃል። ጽናትን በቀለሙ ንጣፍ ብቻ የሚፈልግ ሰው፣ ጽናቱ በእጁ መመላለስ ውስጥ እንዳለ ሳያይ ያልፋል።

ይህ የጎንደር ብቻ ልማድ አይደለም። በሐረር ግንብ ውስጥ ባሉት የቀድሞ ቤቶች መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር የመቀባት ልማድ አለ። ትውፊትም ቀዩን ቀለም በ1887 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በጨለንቆ ጦርነት ከፈሰሰው ደም ጋር ያያይዘዋል። ትውፊቱ ለልማዱ መነሻ ማስረጃ ይሁን አይሁን ሌላ ጥናት ነው። ለዚህ ነገር የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ሕዝብ ትልቅ መታሰቢያውን ሊለቅ ለሚችል የአፈር ቅብ ሲሰጥ፣ መታደሱን እንደ ድካም ሳይሆን እንደ ማስታወሻ ቈጥሮታል ማለት ነው።

ከገበሬው ቤት ወደ ነገሥታቱ ግንብ ሲታለፍ ሁለተኛው ቅብ፣ ኖራው፣ ይገኛል። የኢየሱሳውያን ጽሑፎች በአገሪቱ ኖራ ለሕንጻ መዋሉን ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ጋር ያያይዙታል፤ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያወቀውም ከህንድ የመጣ ባለ እጅ ነው ይላሉ። ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ኢየሱሳውያንን ከአገር ሲያስወጡ ኖራውን አላስወጡትም፤ ጎንደርን በ1636 ገደማ ሲቈረቍሩ ግንባቸውን በእርሱ አስገነቡ። በግንበኝነትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤልም በጎንደር ሕንጻ ሥራ ድርሻ እንደ ነበራቸው ትውፊትም የታሪክ ጥናትም ይመሰክራል። ኖራን ማቃጠል ብዙ እንጨትና ብዙ ጉልበት የሚፈጅ ስለ ሆነ፣ በይበልጥ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ሥራ ሆኖ ቈየ። ስለዚህ በጎንደር ኖራና ጭቃ የሥልጣኔ ደረጃ መለያ አልነበሩም፤ የማገዶና የሥልጣን መለያ ነበሩ። ገበሬው ኖራን ያልቀባው ሳያውቀው ቀርቶ ሳይሆን፣ ለአንድ ጎጆ ሲባል ዱር ማቃጠል ስለማይገባ ነው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው፣ የሙጫው ቅብ፣ በቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የክርክሩም ዋና ነገር በዚህ ላይ ነው። ክብ በሆነው የቤተ ክርስቲያን አሠራር ቅኔ ማሕሌቱ በውጭ፣ ቅድስቱ በመካከል፣ መቅደሱ በውስጥ ነው። ሥዕሉ በብዛት የሚገኘው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ቅድስቱ በሚመለከተው ገጽ ነው። በጎንደር ዘመን በተስፋፋው አሠራር ሠዓሊው በግድግዳው ላይ በቀጥታ ከመሣል ይልቅ የጥጥ ሸማን መሠረት ያደርጋል፤ ሸማው በሙጫ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል፣ ነጭ መደብ ይቀባል፣ በላዩም ቀለሙ ያርፋል። የዚህ ጥበብ ምክንያት ግልጽ ነው። ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ግድግዳ ይረጥባል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ሸማው ግን በግድግዳውና በሥዕሉ መካከል ገብቶ ስንጥቁ ሁሉ ወደ ቅዱሳኑ ፊት እንዳያልፍ ያደርጋል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ውኃን የሚፈራው ቀለም የተቀመጠው ውኃ በመጨረሻ በሚደርስበት ቦታ ነው። ዝናብና ነፋስ በመጀመሪያ የሚያገኙት የውጩን ግድግዳ ነው፤ መቅደሱ ግን በሁለት ዙሪያ ክፍል ተከቦ፣ ከጣራው ከፍተኛ ክፍል በታች፣ በመጋረጃና በጨለማ ተጠብቆ ይኖራል። እንግዲህ ሠዓሊውና ግንበኛው የቀለሙን ድካም አላወቁም ማለት አይቻልም። አውቀውታል፤ መልስም ሰጥተውታል። መልሱ ግን በቀለሙ ውስጥ ሳይሆን በሕንጻው አሠራር ውስጥ ነው። የውኃ ቀለም ጠንካራ ነው ወይስ ደካማ ተብሎ መጠየቁ ከንቱ ነው፤ በቦታው ነው ወይስ ከቦታው ውጭ ተብሎ መጠየቅ ይገባል። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (1682–1706) ያሠሩት፣ በ1694 የተመረቀውና በኋላ ዘመን እንደገና የተሠራው ደብረ ብርሃን ሥላሴም በዚህ ዐይን ቢታይ፣ ከመቶ የሚበልጡት የኪሩቤል ፊቶች በጠፈሩ ላይ እስከ ዛሬ የሚመለከቱት በቀለሙ ብርታት ብቻ አይደለም። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቤተ ክርስቲያኑ ስለ ተረፈ፣ ጣራውንም እየጠገኑ የጠበቁት ሰዎች ስላልጠፉ ነው።

ፍርዱ በተግባር ሲፈጸም ምን እንደሚያደርስ የሚያሳየው በጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው። ትውፊት መሠረቱን ከዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን (1667–1682) ጋር ያያይዘዋል። ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ የሕዝቦች ጥናት ጉዞ በ1932 ጎንደር ላይ በቈየበት ጊዜ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ወሰደ። በምትካቸውም የጉዞው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በዘይት ቀለም የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። የጉዞው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተሙት የዕለት ማስታወሻ ነገሩን ሳይሸሽጉ ተርከውታል። ሥዕሎቹ ወደ ፓሪስ ተወስደው ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ።

ለዚህ ሥራ የቀረበው ምክንያት ሥዕሎቹ በመበላሸት ላይ ስለ ነበሩ ማዳን ይገባል የሚል ነበር። ምክንያቱ በቅንነት የቀረበ ነው ተብሎ እንኳ ቢታሰብ ከራሱ ጋር ይጣላል። ሥዕሎቹ በእርግጥ ደካሞች ቢሆኑ ኖሮ፣ ከግድግዳ መላቀቅን፣ እስከ ጅቡቲ መጓዝን፣ ባሕር መሻገርን እንዴት ቻሉ? ከዚያ ወዲህ ዘጠና ዓመት አልፎ ዛሬም በሙዚየም መታየታቸው፣ ደካማ የተባለው የሙጫ ቀለም ከተጠበቀ እንደሚኖር ያስረዳል። ሥዕሎቹ የሚያስፈልጋቸው ደረቅ ቦታና ጠባቂ ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ ጣራ በመጠገን በጎንደር ማግኘት ይቻል ነበር። ሌላም ነገር ይታያል። ሸማው በሙጫ የተለጠፈ ባይሆን ኖሮ፣ ቀለሙም በኖራ ልስን ውስጥ የሰረገ ቢሆን ኖሮ፣ ሥዕሉን ከግድግዳው እንዲህ አንሥቶ ለመውሰድ ባልተቻለም ነበር። ሥዕሉን ከስንጥቅ የጠበቀው ጥበብ ራሱ ለወሳጁ መንገድ ከፈተለት።

ከዚህ ላይ የልውውጡ ሚዛን መመርመር አለበት። ዘይቱ የቀረበው እንደ በጎ ስጦታ ነው። ነገር ግን የዘይት ቀለም ሲደርቅ ቆዳ መሰል ንጣፍ ይሠራል፤ በስተኋላው ያለው ግድግዳ ግን ሕይወቱን አይለውጥም፤ በክረምት ይረጥባል፣ በበጋ ይደርቃል። እርጥበቱ በዚያ ንጣፍ እንደ ልቡ ስለማያልፍ ከኋላው ይከማቻል። ደግሞም የዘይት ሥዕል ቢጐዳ የአገሩ ሠዓሊ በለመደው ሙጫና በለመደው ቀለም ሊጠግነው አይችልም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑ ያጣው ሥዕሉን ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉን ለመጠገን የሚያስችለውን የእጅ ዕውቀት ጭምር ከግድግዳው ላይ አጥቷል።

የኋላ ዘመን ሊቃውንትም ከዚህ ፍርድ ፈጽመው አልተላቀቁም። በኢትዮጵያ ሥዕል ጥናት ትልቅ ድካም የደከሙት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ በ1983 ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ የመረመሩት የሥዕሉን ዋና ዋና አርእስት ነው፤ የእመቤታችን ሥዕል፣ ስቅለቱና የቅዱሳኑ አሣሣል ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተለወጠ አስረድተዋል። ይህ ሥራ ባይኖር የዛሬው ጥናት መነሻ አይኖረውም ነበር። ይሁን እንጂ ጥናቱ ሁሉ በዚህ መንገድ ብቻ ከሄደ፣ ሥዕል ከአገር ወደ አገር የሚዞር ምሳሌ ብቻ ይመስላል፤ ከአንድ ግድግዳ፣ ከአንድ አፈር፣ ከአንድ ሙጫ ጋር የተጋባ መሆኑ ይረሳል። ክሌር ቦስ ቲዬሴና አናኢስ ቪዮን በ2005 በዚያው የፓሪስ ስብስብ ላይ ያሳተሙት ጥናት ሥዕሎቹን ለብቻቸው ይዞ መመርመሩ መልካም ጅምር ነው። ያም ሆኖ ከግድግዳው የተለየ ሥዕል ስለ ግድግዳው ሁሉን ሊናገር አይችልም። በፓሪስ ያለው ሸማ ነው፤ የጎንደር እርጥበት፣ ልስኑና ጠባቂው የቀሩት በጎንደር ነው።

በግንቦቹም ላይ የተፈጸመው ከዚህ የሚመሳሰል ነው። በጣልያን ወረራ ዘመን (1936–1941) በተደረገው ጥገና ሲሚንቶ በቀድሞው የኖራ ሥራ ውስጥ ገባ። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለ ሆነ ለጥገና የተሻለ መስሎ ነበር፤ ጕዳቱ ግን ከጥንካሬው የመጣ ነው። ኖራ እርጥበትን ያሳልፋል፤ ግንቡ በሙቀትና በብርድ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን በድንጋዩ ውስጥ ያስቀረዋል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ጨው ሲደርቅ እየረጋ የድንጋዩን ገጽ ያፈርሳል። «የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ» እንደሚባለው ነው። ፋሲል ግንብ በ1979 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግን በጥገና ረገድ ወደ ኖራ የመመለሱ አሳብ ተቀባይነት አግኝቷል። እንግዲህ በግንቡ ላይ የታረመው ፍርድ በጭቃው ቤት ላይ ያልታረመበት ምክንያት ምንድን ነው? ዛሬ በከተማውና በገጠሩ ከተሞች የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ በላዩም ከፋብሪካ የመጣ ቀለም ይቀባል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ከጭቃው ተላቆ እንደ ቅርፊት ሲወድቅ ጥፋቱ የጭቃው ነው ይባላል። በእውነቱ ጥፋቱ የማይስማሙትን ሁለቱን ያጋባው ሰው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የተቃራኒው ወገን ክርክር መሰማት አለበት፤ የውኃውን ቅብ ከሚገባው በላይ ማመስገንም ሌላ ስሕተት ነውና። የአፈር ቅብ ልብስን ያጎድፋል፤ ዝናብ በሚያገኘው ውጭ ገጽ አይበረክትም። በየዓመቱ የሚደረገው ልቅለቃ በሴቶች ላይ የተጫነ ከባድ ሥራ ነው፤ ውኃውን የምትቀዳው፣ አፈሩንም የምትሸከመው እርስዋ ናት። በሲሚንቶ ቤት መግባትን እንደ ዕረፍት ብትቈጥረው ማንም ሊወቅሳት አይገባም። በሣር ክዳን ቤት ወራጁንና ሣሩን የሚቀባው የምድጃ ጭስ ከነቀዝ ይጠብቃቸዋል፤ ያው ጭስ ግን ዐይንንና ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ ነገሩ ወደ ቀድሞው እንመለስ የማለት አይደለም። ልማዱ ቢለወጥ እንኳ የሚለወጠው ምን እንደ ነበረ ታውቆ ይሁን የማለት ነው።

ደግሞም ሁሉ የተለወጠ አይደለም። የቆርቆሮ ጣራ ከመጣ በኋላ በከተማው ቤት አቡጀዴ ከጣራው በታች ተወጥሮ ኮርኒስ ይሆናል፤ በዱቄት ሙጫ ይጠነክራል፤ በኖራ ወይም በጀሶ ውኃም ይነጣል። ይህን ኮርኒስ የሥነ ጥበብ ሊቅ ቀና ብሎ አያየውም። ነገር ግን ሸማ፣ ሙጫና ነጭ መደብ የመቅደሱ ሥዕል የቆመባቸው ሦስቱ ነገሮች ናቸው። አንዱ ከሌላው ተወርሷል ለማለት ማስረጃ ባይቀርብም፣ ሁለቱ ለአንድ ችግር የተሰጡ አንድ ዐይነት መልሶች መሆናቸው ግን የሚታይ ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚደነቀው በቤት የሚናቅ ከሆነ፣ የሚደነቀው ጥበቡ ሳይሆን ስሙ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው የሥራ መንገድ ሩቅ አይደለም። በጎንደርም ሆነ በደጋው ግድግዳን የሚያጠና ሰው የሥዕሉን አርእስት ከመመዝገቡ በፊት አራት ነገር ይመዝግብ፤ ግድግዳው ከምን እንደ ቆመ፣ ልስኑና ቅቡ በምን እንደ ተያያዘ፣ ውኃ ከየት እንደሚመጣበት፣ የሚያድሰውስ ማን እንደ ሆነና በየትኛው ወራት እንደሚያድሰው። አራተኛው ጥያቄ ከሁሉ የቸኰለ ነው። ቀለም በሙዚየም ሊቀመጥ ይችላል፤ ኖራም ዳግመኛ ሊቃጠል ይችላል። ነጩ አፈር ከየትኛው ገደል እንደሚማስ፣ ከእበቱ ጋር ምን ያህል አመድ እንደሚለወስ፣ እጅ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቁት ግን በአብዛኛው ያረጁ እናቶች ናቸው። በሸክላ ዕውቀታቸው የታወቁት የወለቃ ቤተ እስራኤል እስከ 1991 ድረስ ከአገር በወጡ ጊዜ፣ ስለ አፈር የሚያውቁትን አብረው ይዘው ሄደዋል። የቀረው እንዲህ ሳይጻፍ እንዳይሄድ፣ የተማረው ሰው ከኪሩቤሉ ፊት ላይ ዐይኑን ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ ግድግዳውን ከምትለቀልቀው ሴት ዘንድ ተቀምጦ ሊጠይቅ ይገባዋል።